ፓንክራስ ያጠፋቸው ስምንት ነጥቦች

ፓንክራስ መጀመሪያ የሚነካው ካሜራውን ሳይሆን አሸዋውን ነው። ጫማውን ያወልቃል፤ ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ያጥፋል፤ ማዕበሉ አርሶት የተመለሰውን ቦታ በተረከዙ እየረገጠ ይፈትናል። ተረከዙ ከሰመጠ ቦታውን ትቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ጠንከር ያለ ሲያገኝ የመቆሚያውን ሦስት እግሮች አንድ በአንድ እየጠመዘዘ ስንዝር ያህል ይቀብራቸዋል። ከዚያ ድንጋይ የሞላ የሩዝ ከረጢት ከመቆሚያው መሐል ያንጠለጥላል፤ ነፋስ መቆሚያውን በፀጉር ያህል ካንቀጠቀጠው ካሜራው ተከፍቶ የሚቆይበት አራት ደቂቃ ሁሉ ከንቱ ነው።

ካሜራውን ይጭናል። ገና ብርሃን ሳለ ሩቅ ያለ ነገር መርጦ ሌንሱን ያጠራል፤ ካጠራ በኋላ ቀለበቱ እንዳይዞር በፕላስተር ያስረዋል። ከኋላ ብርሃን እንዳይሰርግ የዓይን ማያዋን ቀዳዳ በጥቁር ጨርቅ ይደፍናል። የሌንሱን ፊት ከደረት ኪሱ በሚያወጣት የጥጥ ጨርቅ ይጠርጋል፤ በሽርጡ ጫፍ አይሞክረውም፤ ሽርጡ ጨው ነው። መጫኛውን ሽቦ ይሰካል። ትንፋሹን ውጦ ይጫናል። ከዚያም በነፋሱና በካሜራው መካከል ገላውን ግድግዳ አድርጎ ይቆማል፤ ዓይኑ ከሰዓቱ አይነሣም።

በአራት ደቂቃ ውስጥ የቆመ ነገር ሁሉ ይቀራል፤ የሚንቀሳቀሰው ይጠፋል። በዳርቻው የሚያልፍ ሰው ጨርሶ አይወጣም። ማዕበሉ ተድበስብሶ ወተት ይመስላል። መብራት ይዞ የሚሄድ ጀልባ ግን ቀጭን የብርሃን ክር ይሆናል።

በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ምሽት፣ ፓንክራስ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር አላጎደለም። በባሕሩ ዳር የሠራው ሥራ ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ የተሠራው በኋላ፣ ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ኩሪሹቱራ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ፊቷ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዓረብ ባሕር ነው። የፓንክራስ አባት ጀልባ ነበራቸው፤ ፓንክራስን ግን ባሕር አልተቀበለውም። በአሥራ አንድ ዓመቱ ይዘውት ወጡ፣ እስኪመለሱ አስታወከ። በአሥራ ሁለት ዓመቱም እንዲሁ። በአሥራ አራት ዓመቱ አባቱ ተስፋ ቆርጠው ከተማ ላለ አንድ ፎቶ ቤት ሰጡት። «ውሃ ካልወደደህ ከደረቅ ቦታ ሆነህ እየው» ብለው ነው የሸኙት። ዛሬ አምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የራሱ ፎቶ ቤት አለው። የመንደሩን ሰው ሲጠመቅ ያነሣል፣ ሲያገባ ያነሣል፣ ሲሞትም ዘመድ ሁሉ ሣጥኑን ከብቦ ቆሞ ያነሣል። የሙሽሮችን ፊት በኮምፒውተር ቀላ ማድረግም ያውቅበታል፤ ጠይም ሆና ገብታ ቀይ ሆና የወጣች ሙሽራ በመንደሩ ሞልታለች። የምሽቱ ባሕር ግን ማንም ሳያዝዘው ለራሱ የሚያነሣው ነው።

ያን ማክሰኞ ስድስት ጀልባዎች ለመውጣት ተሰልፈዋል። አምስቱ ወጥተው ስድስተኛው ገና ከአሸዋው እየተገፋ ነው። የታናሽ እህቱ የጃሲንታ ባል፣ አንታፓን፣ ትከሻውን ለጀልባው ሰጥቶ ሲገፋ ፓንክራስን አየው።

«አሊያ!» አለው፤ በዚያ አገር አማች አማቹን እንዲህ ነው የሚጠራው። «ዛሬም ውሃ ልታጠምድ መጣህ?»

«አንተ ከምትይዘው ይሻላል።»

«እኔ እኮ ባዶ እጄን ስመለስ ሚስቴ ትሰድበኛለች። አንተን ማን ይሰድብሃል?»

«ያቺው ሚስትህ! ከሕፃንነቷ ጀምራ።»

ከአንታፓን ጋር የሚወጣው ቢኖይ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። የሞተሩን ገመድ እየሳበ፣ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት «ቼታ» እየጠራ ጮኸ፦ «ፓንክራስ ቼታ፣ እኔንም አንድ አንሱኝ! ሊያጩልኝ ላሰቧት ልጅ ቤተሰብ የምትላክ።»

«አራት ደቂቃ ሳትነቃነቅ መቆም ትችላለህ?»

«እሱ?» አለ አንታፓን። «እሱ ተኝቶም ያወራል።»

ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሳል ብሎ ጠፋ፤ በአራተኛው ተነሣ። አምስቱ ጀልባዎች ያኔ ሩቅ ሄደው መብራታቸው ብቻ ይታይ ነበር፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ዓሣ ወደሚጠመድበት ወደ ተለመደው የባሕር ቋጥኝ ነው የሚያመሩት። አንታፓን ከኋላ ተከተለ።

ፓንክራስ ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ገጥሞ ሁለት ሥዕል አነሣ። ሲጨልም መስታወቱን አውልቆ ሦስተኛውን ከፈተ። ነፋሱ ከሰሜን ስለነበር ለሰሜኑ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አራት ደቂቃው ሲሞላ ዘጋ፤ ዕቃውን ሸክፎ ገባ።

ከተማ ያለ አንድ የጨርቃጨርቅ መደብር ለደንበኞቹ በየዓመቱ የሚያድለውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሊያሳትም ነበርና፣ «ጸጥ ያለ ባሕር፣ ምንም የማይረብሸው፣ ነገ ጠዋት» ብሎ አዞታል። ፓንክራስ ሦስተኛውን ሥዕል ኮምፒውተር ላይ ከፈተው። በግራ በኩል አምስት የብርሃን ክሮች ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። በቀኝ ጠርዝ፣ ከአድማሱ ዝቅ ብሎ፣ ስምንት ነጫጭ ነጥቦች አሉ።

ካሜራ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ በእውኑ የሌለ ነጭ ነጥብ ይወልዳል። ፎቶ አንሺ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንደ አቧራ ነው የሚጠርገው። ፓንክራስም በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ጠርጓል። እርግጥ የሙቀት ነጥብ እዚህም እዚያም ይበተናል እንጂ እኩል ርቀት ጠብቆ አይደረደርም። ይህንንም ያውቃል። ስምንቱን ሲያይ «ወረፋ ይዛችኋል እንዴ?» ብሎ ፈገግ ማለቱ ትዝ ይለዋል። ከዚያ ስምንት ጊዜ ተጫነ። ያጸዳውን ባላጸዳው ምትክ አስቀመጠና ለመደብሩ ላከ። በማግስቱ ማለዳ ጥምቀት ነበረበት፤ ሥዕል የሚቀመጥበትን የካሜራውን ካርድ ደምስሶ ሄደ።

በማግስቱ አምስት ጀልባ ተመለሰ። የአንታፓን አልነበረም።

የመንደሩ ሰው ሦስት ቀን ፈለገ፤ የሄዱት ወደ ቋጥኙ ነው ተብሎ ፍለጋውም በደቡብ ምዕራብ ነበር። የአንታፓን ስልክ የዚያን ዕለት ውሃ ገብቶበት እንዲደርቅ ቤቱ በሩዝ ጣሳ ውስጥ ተቀብሯል፤ የቢኖይ ስልክ ከምሽቱ ጀምሮ ዝግ ነው። በአምስተኛው ቀን የሌላ መንደር ሰዎች የአንታፓን ጀልባ ቁጥር የተጻፈበትን የነዳጅ ጀሪካን አገኙ፤ በሰሜን በኩል፣ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ርቀት።

ከዚያ ወሬው ጀመረ። በኩሪሹቱራ ጀልባዎች አብረው ይወጣሉ፤ አብረው ይመለሳሉ። ሳይናገር ከባልንጀሮቹ የተነጠለ ሰው፣ አንድ ነገር ቢደርስበት፣ የሚያዝንለት የለም። አንታፓን ደግሞ አፉን መግታት አይችልም ነበር፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ «እናንተን ተከትዬ ስንት ዓመት ባዶ መረብ ልጎትት? አንድ ቀን ወደ ሰሜን እጠፋባችኋለሁ» ሲል ያልሰማው የለም። ቀልድ ነበር። ጀሪካኑ ከሰሜን ሲመጣ ግን ቀልድነቱ ቀረ። የቢኖይ አባት ሴሌስቲን «የሰው ልጅ ይዞ ለሆዱ ጠፋ» አሉ፤ መንደሩም አብሯቸው አለ። ጃሲንታ ቧንቧ ላይ ባልዲዋን ስታሰልፍ ሌሎቹ የእነሱን አንሥተው ፈንጠር ብለው መቆም ጀመሩ። ዓሣ ገበያ ስትቀመጥ ግራና ቀኟ ባዶ ይሆናል። አስከሬን ስለሌለ ቀብር የለም፤ ቀብር ስለሌለም አንድም ሴት ገብታ አላለቀሰችላትም።

ፓንክራስ የጀሪካኑን ወሬ የሰማው ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ሰሜን ሲሉት የመጣለት የሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ ነው። ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ የጸዳው ብቻ ነው ያለው። ካርዱን ይዞ ከተማ ላለ የጠፋ ፋይል ለሚመልስ ሰው ወሰደለት። ሰውየው ሁለት ሳምንት ታግሎ የሥዕሉን የላይኛውን ክፍል ብቻ አወጣለት፦ ሰማይ፣ ደመና፣ ከዚያ በታች በማግስቱ በላዩ የተነሣው የሚጠመቅ ሕፃን ግንባር። ነጥቦቹ የነበሩበት ቦታ ላይ የክርስትና አባትየው ክራቫት አለ።

ለማንም ሳይናገር አንድ ወር ተኩል ቆየ። ይህን እሱም አያስተባብልም።

ቀን መቁጠሪያው ታትሞ መጣ። መደብሩ ለደንበኛ ሁሉ ስለሚያድል በመንደሩ ያልሰቀለው ቤት የለም። ፓንክራስ አንድ እሑድ እህቱ ቤት ሲገባ እሷም ሰቅላዋለች። ካሳቫ እየላጠች ነበር፤ በቢላዋ ጫፍ ወደ ግድግዳው አመለከተች።

«ቼታ፣ ና እስቲ። ከእነዚህ ክሮች የእሱ የቱ ነው?»

ፓንክራስ ከግድግዳው ዞሮ ካሳቫውን አየ።

«የመጨረሻው ይሆን እንዴ? ይሄ ቀጠን ያለው? ቀድሞም ሞተሩ ይንቀረፈፍ ነበር።» ተነሥታ በጣቷ ቆጠረች። «አምስት ናቸው እኮ። የወጡት ስድስት አይደሉም? ምነው ዝም አልክ? አንተ ያነሣኸው አይደለም?»

«የእሱ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«አጥፍቼዋለሁ፣ ጃሲንታ።»

ሁሉንም ነገራት። ነጥቦቹን፣ የካሜራውን ሙቀት፣ ጥምቀቱን፣ ካርዱን። ቢላዋዋን ካሳቫው ላይ አስቀመጠች።

«ስንት ነበሩ?»

«ስምንት።»

«ስንት ደቂቃ ነው የከፈትከው?»

«አራት።»

ጃሲንታ በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ እየነካች መቁጠር ጀመረች። አባታቸው ሁለቱንም ያስተማሩት ነገር ነው፤ ሞተር የጠፋበት ሰው ሸሚዙን አውልቆ በመብራቱ ላይ ይጥላል፤ እስከ ሃያ ቆጥሮ ይገልጣል፤ እስከ አሥር ቆጥሮ መልሶ ይሸፍናል። የባሕሩ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ያውቃል። ፓንክራስ ባሕሩን ሲተው ቁጥሩንም ትቶት ነበር። በአንድ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ይገለጣል። በአራት ደቂቃ ስምንት።

«እየጠራን ነበር» አለች ጃሲንታ። «ከዚሁ ከደጃችን ሆኖ። አልጠፋም። ሞተሩ ቆሞበት የሥሩ ውሃ ነፋሱን ተቃርኖ ወደ ሰሜን እየወሰደው፣ ስምንት ጊዜ ጠርቶናል።»

«በዓይን አይታይም ነበር እኮ። ካሜራ አራት ደቂቃ ሙሉ ብርሃን ያጠራቅማል፤ ዓይን አያጠራቅምም። እኔም ብዞር...»

«ዞረሃል?»

«አልዞርኩም።»

ስድብ ጠበቀ፤ አልመጣም። ጃሲንታ ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርዳ ከብዕር ጋር ሰጠችው። «ቦታቸውን አድርግልኝ።» እሱም በቀኝ ጠርዝ ስምንት ነጥብ አደረገ። እሷ አየችና፦ «አሁን ይሄን ለሴሌስቲን ንገረው። ለመንደሩ ንገረው። ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ የምትቀር ከሆነ ወንድም የለኝም» አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ፣ የጀልባ ባለቤቶች እንደ ልማዳቸው መረብ በሚጠገንበት ዳስ ሥር ተሰበሰቡ። ፓንክራስ ቀን መቁጠሪያውን ጠቅልሎ መጣ። ተናገረ፤ ሳይዘል፣ ሳይቀንስ። ሲጨርስ ሴሌስቲን ወረቀቱን ዘርግተው አዩት።

«ይሄ ብዕር ነው» አሉ።

«አዎ። እውነተኞቹ የነበሩበት ቦታ ነው።»

«እውነተኞቹን አሳየን።»

«የሉም። አጥፍቻቸዋለሁ አልኩዎ እኮ።»

«አየህ ፓንክራስ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። የአማችህ ስም እንዲጸዳ ነው የመጣኸው። የትልቁን ልጄን ሚስት ከሰል ሆና ገብታ ወተት አድርገህ አውጥተሃታል፤ ስምንት ነጥብ መሣል ያቅትሃል?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ሌላው ደግሞ «ቁጥሩን የማያውቅ ማን አለ? ውሸታምም ቢሆን ስምንት ነው የሚያደርገው» አለ።

«እህ፣ እውነቴን ቢሆንስ?» አለ ፓንክራስ።

«እውነትህን ከሆነ» አሉ ሴሌስቲን፣ ወረቀቱን እየጠቀለሉ፣ «ልጄ እየጠራ ሳለ በእጅህ ይዘኸው በጣትህ ያጠፋኸው አንተ ነህ። የቱን ልመንልህ?»

ፓንክራስ ወረቀቱን ተቀብሎ ከዳሱ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ ሴሌስቲን ብቻቸውን ፎቶ ቤቱ መጡ። አልተቀመጡም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የጸዳ ባሕር ቆመው አዩ።

«የት ጋ?»

ፓንክራስ በጣቱ አሳያቸው።

«ሁሉም እኩል ያበሩ ነበር?»

ፓንክራስ ሊዋሽላቸው ፈለገ፤ አልሆነለትም። «የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደከም ያሉ ነበሩ» አለ።

ሴሌስቲን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወጡ። በማግስቱ ቧንቧው ጋ ሲተላለፉ ሰላም አላሉትም፤ ምራታቸውም ባልዲዋን ከጃሲንታ ባልዲ ማራቋን አልተወችም። ያመኑ ይመስለዋል። አምነው ግን በሕዝብ ፊት ለማለት የሚያስችላቸው ነገር በእጃቸው የለም፤ እሱም ሊሰጣቸው አልቻለም።

ፓንክራስ ሥራውን አልተወም፤ ሰው ይወለዳል፣ ያገባል፣ ይሞታል። ምሽት ላይም ባሕሩ ዳር ይወርዳል። አሁን ግን ሲከፍት ሰዓቱን በጆሮው አድርጎ ይሰማል እንጂ አያይም፤ ፊቱ ወደ ውሃው ነው። ሥዕሉን አያጸዳም። ነጥቡ፣ ጭረቱ፣ የወፍ ጥላው እንዳለ ይቀመጣል። መደብሩ «ቆሽሿል» ብሎ የዘንድሮውን ከሌላ ፎቶ አንሺ ወስዷል። እሱም ደህና ብሏል።

አንድ ቀን እሱ ደጃፉ ላይ ሌንስ ሲጠርግ ጃሲንታ የዓሣ ሳህኗን ከራሷ አውርዳ ቆመች።

«ያን ማክሰኞ አንተ ብቻህን ነበርክ እንዴ?»

«የት?»

«ዳር ላይ። ካሜራ የያዘ ሌላ ሰው አልነበረም?»

ፓንክራስ ጨርቁን አስቀመጠ። ነበር። ማዕበሉን ከሚመክተው የድንጋይ ግድብ ጫፍ ላይ መቆሚያ የተከሉ እንግዶች ነበሩ፤ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ወንድና ሴት። በበዓል ሰሞን ከየአገሩ ይመጣሉ፤ ስማቸውን ማን ይጠይቃል? ያየው ነገር እነሱም ወደ ምዕራብ አዙረው እንደነበር ነው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው እህቱ፤ ሳህኗን አንሥታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት ለፎቶ አንሺዎች ይጽፋል። ሰዎች መልሰውለታል፤ ደግ ሰዎች ናቸው። የሚልኩለት ግን ከሥዕሎቻቸው ሁሉ የተዋበውን ነው፤ ሰማዩ ሐምራዊ፣ ውሃው ሐር፣ አድማሱ ላይ አንዲት ጉድፍ የሌለበት። ይህ ታሪክ ሲጻፍ፣ ለሚያነበው ሰው እንዲህ በልልኝ ብሏል፦

«በአምናው ኅዳር መጀመሪያ ማክሰኞ ምሽት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ኩሪሹቱራ ግድብ ላይ ቆመህ ካሜራህን ከፍተህ ከነበረ፣ ወይም የከፈተ ሰው የምታውቅ ከሆነ፣ እባክህ ሥዕሉን ፈልግልኝ። ቆንጆውን አልፈልግም። ደብዝዟል፣ ተንቀጥቅጧል፣ ቆሽሿል ብለህ የተውከውን ነው የምፈልገው። ቀኝ ጠርዙን እይ፤ ከአድማሱ ትንሽ ዝቅ በል። እዚያ የተደረደረ ነገር ካገኘህ አትንካው። እንዳለ ላክልኝ። የፓንክራስ ፎቶ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ኩሪሹቱራ።»